ከስድስት ሰዓት በኋላ የተፈለፈሉት

«ቀስ በል አንተ ሰውዬ! ድንጋይ የጫንህ መሰለህ እንዴ?»

ሹፌሩ መልስ ከመስጠቱ በፊት አንዱን ጉድጓድ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አሳለፈና ሦስተኛው ውስጥ መሐል ለመሐል ገባ። ካሚዮኑ አንዴ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከኋላ ከሸራው ሥር፣ በሁለት እጇ ሁለት ፋኖስ አንጠልጥላ በዘጠኝ መቶ እንቁላል መካከል የተንበረከከችው ሚስቱ «እኔን ድፍት ያድርገኝ!» ስትል ተሰማ። ይህን ያለችው ለእንቁላሎቹ እንጂ ለራሷ አልነበረም።

«ድንጋይ ብጭንማ አንቺም ከጎኔ ትቀመጪ ነበር!» አላት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ባለትዳር ነኝ እያልኩ ይኸው ብቻዬን እነዳለሁ!»

ሰው ሁሉ «ሃያ አንዷ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ይኸው ባሏ ነው። እንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ በገባ በሃያ አንድ ቀኑ ጫጩት ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ከነዚህ ቀናት አንዷን እንኳ አዛብታ አታውቅም። ጎረቤቶቿ የእርጉዝ መውለጃ ቀን ሲምታታባቸው ሳይቀር «እስቲ ሃያ አንዷን ጠይቋት» ይባባሉ ነበር። ስሙም በዚያው ጸናባት፤ እናት አባቷ ያወጡላትን የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ሰነበተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባቱ አገሮች የንግድ ኅብረቱን የመሠረቱ ጊዜ በድንበሩ ወንዝ ላይ ያለው የድልድይ ኬላ ተዘጋ፣ ዘቦቹ ተሰናበቱ፣ መንገድ መዝጊያው አግዳሚ እንጨትም ተነቅሎ የአንድ ገበሬ አጥር ሆነ። በዚያ ደግ ዘመን ሃያ አንዷና በወንዙ ማዶ ያለች ባልንጀራዋ ተጋግዘው አንድ ትልቅ ማስፈልፈያ ማሽን አስመጡ። መብራት ቀድሞ የገባው በማዶ ስለነበር ማሽኑ እዚያ ተተከለ፤ የጫጩት ማሳደጊያው ቤት ደግሞ በወዲህ በኩል ተሠራ። እንቁላሉ ዐሥራ ስምንት ቀን እዚያ ይሞቃል፣ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን በካሚዮን ይሻገራል፣ የቀረውን እዚህ ጨርሶ ይፈለፈላል። ለምን ቢሉ፣ እንቁላል መንገድ ይችላል፤ ጫጩት አይችልም። ይህን ሁለቱ ሴቶች ያወቁት ብዙ ጫጩት ቀብረው ነው።

አሁን ግን የሃያ አንዷ አገር ከኅብረቱ ሊወጣ ነው። ሚኒስትሮቹ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነጋገሩ፣ ሲኮራረፉ፣ እንደገና ሲነጋገሩ ከርመው በመጨረሻ ቀን ተቆረጠ፦ ዛሬ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ከስድስት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ራዲዮው አንድ ቀን «ምንም አይለወጥም» ይላል፤ በማግስቱ «ሁሉም ይለወጣል» ይላል። በዚያ ላይ ባለፈው በጋ ፈንግል ገብቶ በወዲህ በኩል የነበሩትን ግራጫ ዶሮዎች አንድ ሳያስቀር ጠርጎ ወሰዳቸው። ሁለቱ ሴቶች ዐሥራ ሰባት ዓመት እየመረጡ ያዳቀሉት፣ ብርዱንም ድርቁንም ችሎ የሚጥል ዘር ነበር። በወዲህ በኩል የዚያ ዘር ተስፋ እነዚህ ዘጠኝ መቶ እንቁላሎች ብቻ ናቸው። ዛሬ ካላለፉ አዲስ ስምምነት እስኪፈረም ሌላ ሦስት ዓመት መጠበቅ ነው፤ ያውም ሚኒስትሮቹ ካልተኮራረፉ።

ቁልቁለቱ አልቆ ወንዙ ሲታይ ሰልፉም ታየ። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ የተደረደረው መኪና ግን ከድልድዩ አልፎ እስከ መንደሩ ወፍጮ ቤት ደርሷል።

«አጀብ ነው!» አለ ሹፌሩ ፍሬን ይዞ። «አገር ምድሩ ዛሬ ነው እንዴ ዕቃ መግዛት ትዝ ያለው?»

ከፊታቸው የቆመው ወንበር የጫነ ነጋዴ ነበር፤ ሰውየው ከመኪናው ወርዶ ባገኘው ሁሉ ላይ ምሬቱን ይዘረግፋል። «የኔን ጉድ ስማ ወንድሜ! የወንበሩ እግር የተጠረበው በኛ አገር ነው፤ መቀመጫው የተጎነጎነው በነሱ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ወንበሬ የየት አገር ዕቃ ነው ይባላል?»

«እግሩ ይለፍ፣ መቀመጫው ይመለስ ቢሉህስ?» አለው ሹፌሩ።

«እንግዲያማ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፤ ሌላ ምን መቀመጫ አለኝ!»

ሃያ አንዷ ከሸራው ሥር ሆና ሳቀች። ልቧ ሙሉ ነበር። የኬላው ሹም ሆኖ ከሦስት ቀን በፊት የተሾመው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነውና! እናታቸው ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝላ፣ አጉርሳ፣ በእንቁላል ሽያጭ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። እርግጥ ነው፣ የላባ ሽታ አንገፈገፈኝ ብሎ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ፣ ተመልሶም ያንን ቤት በእንግድነት ካልሆነ ረግጦት አያውቅም። ቢሆንም ወንድም ወንድም ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ አሥር አለቃ እየዞረ ጭነት የሚገለጽበትን የሁሉንም ዲክላራሲዮን ሰብስቦ፣ በየወረቀቱ ላይ «ደርሷል» የሚል ማኅተም መታ። በእሷ ወረቀት ላይ «እንቁላል፣ ዘጠኝ መቶ» ይላል። ከዚያ በኋላ ካሚዮኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ክንድ ያህል ተራመደ።

ሹፌሩ ሸራውን ገልጦ ፊቷን አየ። ፊቷ በፋኖሱ ሙቀት ቀልቷል። «አይዞሽ የኔ ሃያ አንድ» አላት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከሣጥኖቹ መካከል «ጺው» የሚል ድምፅ መጣ።

ባልና ሚስት ተያዩ። «አንተ ነህ?» አለችው፤ ባሏ እንዳልሆነ እያወቀች። ሁለተኛው «ጺው» ሲመጣ ክዳኑን ገለጠች። አንድ እንቁላል ዙሪያውን ተቀድዶ፣ አንድ እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ ውድ ፍጥረት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ዓለምን ይታዘባል። ከጎኑ ያለውም ተሰንጥቋል። ከሱ ጎን ያለውም እንደዚያው።

«ጉዴ ፈላ!» አለች ሃያ አንዷ። «ዛሬ እኮ ዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው!»

በመጨረሻው ሣጥን ውስጥ፣ ከገለባው ሥር፣ የባልንጀራዋ ደብዳቤ ተገኘ። «እኅት ዓለም፣ ድልድዩን ቀድመው ይዘጉብናል ብዬ ሰግቼ እንቁላሉን ባንድ ቀን አስቀድሜ ነው ማሽኑ ውስጥ የከተትኩት። ቀኑ እንደ ልማዳችን በእርሳስ ተጽፎበታል፤ አንቺ መቼም ሳታዪ አትጭኚም። ፋኖሱን አንድ ብቻ አድርጊ።» ሃያ አንዷ አንዱን እንቁላል አገላብጣ አየች። እውነት ነው፤ በባልንጀራዋ እጅ ጽሑፍ በግልጽ ተጽፏል። በሃያ ዓመት ውስጥ ሳታይ የጫነችው ዛሬ ብቻ ነው። ያውም ይበርዳቸዋል ብላ በአንድ ፋኖስ ፋንታ ሁለት ይዛ መጥታለች!

ሹፌሩ ደብዳቤውን አነበበና ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁ ግን አላስቻለውም። «ሃያ አንዷ መቁጠር ተሳናት! ይህን ለልጅ ልጅ ነው የማወራው።»

«መጀመሪያ ልጆቹ ይዳኑልኝና ለፈለግኸው አውራ» አለች። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሲሰማ ሳቁን ተወና፣ ኮቱን አውልቆ ነፋስ በሚገባበት በኩል ወተፈው። ሚስቱን ይወዳታል።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ካሚዮኑ ድልድዩ መካከል ነበር። ፊሽካ ተነፋ። በወዲህ ጫፍ አዲስ ቀለም የተቀባ አግዳሚ እንጨት ወረደ፤ በወዲያ ጫፍም እንደዚሁ። የኅብረቱን ሰሌዳ ሁለት ሰዎች በመሰላል ወጥተው ሲነቅሉ አንዱ ምስማር እምቢ አለና ሰሌዳው በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። ያጨበጨበም፣ ያለቀሰም አልነበረም። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ጨብጦ ተራውን ይጠብቃል፤ በካሚዮኑ ላይ ግን ቅርፊቱ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተራቸው ደረሰ። በዚያን ጊዜ ሸራው ጩኸቱን መደበቅ አልቻለም።

«ምንድን ነው እሱ ድምፅ?» አለ አሥር አለቃው።

«የኔ ሆድ ነው» አለ ሹፌሩ። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም።»

አሥር አለቃው ሸራውን ገልጦ አየ፤ ወረቀቱን አየ፤ እንደገና ሸራውን ገልጦ አየ። ከዚያም እየሮጠ ሹሙን ጠራ።

ሹሙ ቁመተ ረጅም፣ ጢሙን የተከረከመ ጎልማሳ ነው። የደንብ ልብሱ ከመጋዘን ከወጣ ገና ሦስት ቀኑ ስለሆነ የታጠፈበት መስመር አልጠፋም። እኅቱን ሲያይ «እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። ዘቦቹ እንደሚያዩት ትዝ ሲለው ግን ጉሮሮውን ጠራረገና «እመቤት፣ ምን ጭነዋል?» አለ።

«ጩጬ!» አለች ሃያ አንዷ በደስታ፤ የልጅነት ስሙ ነው። አሥር አለቃው ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጩጬ፣ ተፈለፈሉብኝ እኮ! አሁኑኑ አሳልፈኝ፤ ላምባው እያለቀብኝ ነው።»

ሹሙ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አየ። ፊቱ ላይ ደስታም ቁጣም አልታየም፤ የታየው ጭንቀት ነው። ከኪሱ ቴሌግራም አወጣ። ይህች ሦስት ገጽ ወረቀት ለዚያ ሁሉ መኪና፣ ለዚያ ሁሉ ዕቃ የተላከችለት ሕግ ናት፤ በየአንቀጹ መጨረሻ «ዝርዝሩ ይከተላል» ትላለች።

«እዚህ ላይ፣ ዲክላራሲዮኑ ከስድስት ሰዓት በፊት የደረሰ ዕቃ በተጻፈበት ዓይነት ያልፋል ይላል። አንቺ ያስጻፍሽው እንቁላል ነው።»

«ሲጻፍ እንቁላል ነበር!»

«አውቃለሁ። እዚህ ላይ ደግሞ፣ ሕይወት ያለው እንስሳ ከስድስት ሰዓት በፊት በኅብረቱ ምድር ከነበረ በነጻ ይለፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን እንደ ባዕድ አገር እንስሳ ተቆጥሮ ሠላሳ ቀን ለይቶ ማቆያ ይግባ።» ቴሌግራሙን አገላበጠ። «ድልድዩ እስከ ስድስት ሰዓት የኅብረቱ ምድር ነበር። እንግዲህ ጥያቄው እያንዳንዱ ጫጩት መቼ ተፈለፈለ የሚለው ነው።»

«ለእያንዳንዱ የልደት የምስክር ወረቀት እናውጣለት?» አለ ሹፌሩ።

ሹሙ አልሳቀም። «መለያ አለው ወይ፣ እትዬ?»

ሃያ አንዷ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። መለያውማ አለ። ጫጩት ከቅርፊቱ ሲወጣ እርጥብ ነው፤ ለመድረቅ ድፍን ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ የደረቀው ሁሉ ከስድስት ሰዓት በፊት የወጣ ነው፣ ያልፋል። ያልተፈለፈለው እንቁላል ነው፣ ያልፋል። እርጥቡ ግን በየትኛውም ሕግ አያልፍም። ከሣጥኑ ውስጥ የበዛው ደግሞ እርጥቡ ነው።

«ወደ ማዶ ይመለሱ እንዳልል» አለ ሹሙ፣ «አሥር አለቃው እንደነገረኝ እዚያ ያሉትን በስልክ ጠይቄያለሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ የተወለደ እንስሳ ከኅብረቱ ውጭ የተወለደ ነው፣ አናስገባም ብለዋል። የእንስሳት ሐኪም ገና አልተመደበልኝም። ሐኪም እስኪመደብ ሹሙ ሙያ ያለው ሰው አስመስክሮ ይወስን ይላል ደንቡ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ አገር ይህን ሙያ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እትዬ፣ አንቺ ያልሽውን እጽፋለሁ። ሁሉም ደረቅ ነው ካልሽ፣ ሁሉም ደረቅ ነው ብዬ ፈርሜ ማኅተሜን አሳርፋለሁ። ነገ ጠዋት ተቆጣጣሪ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ እሱም የሚጠይቀው እኔን ነው። አንቺን ማንም አይነካሽም።»

ሃያ አንዷ አንዱን ጫጩት አነሣች። በመዳፏ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ላባው አንገቱ ሥር ተጣብቋል፣ ገና ዓይኑን እንኳ በቅጡ አልገለጠም። የወንዙ ነፋስ ሲነካው ጮኸ። ደረቅ ነው ማለት ብቻ ነው። አንዲት ቃል! ዐሥራ ሰባት ዓመት የተለፋበት ዘር፣ ባልንጀራዋ በማዶ ቆማ ዓይኗን የምታንከራትትለት፣ ሰባት መንደር ባዶ ቆጡን አጽድቶ የሚጠብቀው፣ በአንዲት ቃል ይድናል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቀና ስትል ግን የወንድሟን ዓይን አየች። እንደዚያ የሚያያት ያኔ፣ ድሮ፣ ጨለማ ሲፈራ ነበር። ያለችውን እንደሚጽፍ ታውቃለች፤ ውሸት እንደሆነ እያወቀ፣ ነገ እንደሚባረርበት እያወቀ ይጽፋል። ይህን ልጅ ለዚህ አላሳደገችውም።

«እርጥብ ነው» አለች። እንባዋ ጫጩቱ ላይ ጠብ አለ። «ይኸ እርጥብ ነው። ጻፍ።»

ሹሙ ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጻፈ።

ለመለየት አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ሹፌሩ ሣጥን ይይዛል፣ እሷ እያንዳንዱን አንገቱ ሥር ዳስሳ ትናገራለች፣ ወንድሟ ይጽፋል። በመካከል አንዱን እርጥብ ሹፌሩ ወደ ደረቆቹ ሣጥን ሊያሾልክ ሲሞክር እጁን በጥፊ መታችው። ደረቅ መቶ ሰባ፣ ያልተፈለፈለ መቶ ሠላሳ፣ እርጥብ ስድስት መቶ።

«እንግዲህ እነዚህ ስድስት መቶዎቹ» አለች ሃያ አንዷ ወገቧን ይዛ፣ «የት ነው የሚቆዩት? ለይቶ ማቆያህ የት አለ?»

ለይቶ ማቆያ የሚባል ነገር አልነበረም። በኬላው ያለው ከድሮ የተረፈች አንዲት ክፍል ቢሮ፣ ከኋላዋ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያ በኋላ ወንዙ ነው። ሹሙ ሦስቱን በዓይኑ ቃኘ። ቴሌግራሙን እንደገና አወጣና ጣቱን እያንሸራተተ አነበበ። «ሹሙ በሚመድበው፣ ሙቀት ባለውና በሚቆለፍ ቦታ» አለ ለራሱ። አንገቱን ወደ ቢሮው አዞረ። ከበርሜል የተሠራች የእንጨት ምድጃ አለችው፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው።

«አሥር አለቃ!»

«አቤት ጌታዬ!»

«ጠረጴዛዬን ወደ ውጭ አውጣ። ወንበሬንም። የጽሕፈት መኪናው በረንዳ ላይ ይሁን።»

«እርስዎስ የት ሊሠሩ ነው?»

«በረንዳ ላይ።»

ወንበር የጫነው ነጋዴ ጉዳዩ ዝርዝሩ እስኪከተል ተንጠልጥሎ፣ ከነጭነቱ ዳር ቆሞ ነበር። ይህን ሲያይ ሳይጠይቁት ሸራውን ፈታ። «መቼም እኔም ሠላሳ ቀን እዚሁ ነኝ» አለና ወንበሮቹን አውርዶ፣ በጎናቸው እያጋደመ ክፍሉን እንደ በረት በአራት ከፈለው። ሹፌሩ እንጨት ፈለጠ። ምድጃዋ ስትግል ስድስት መቶው ወደ ሙቀቱ ተጠጋግተው ጩኸታቸውን ለዘብ አደረጉ።

ሃያ አንዷ ግን በር ላይ ቆማ ቀረች። አንድ እግሯ ከቤት ነው፤ ሌላው ካሚዮኑ ላይ ካሉት ሦስት መቶዎች ዘንድ። ካልሄደች እነዚያ በመንገድ ይሞታሉ፤ ከሄደች እነዚህን ለማን ትታ? «ጩጬ፣ ውኃው ለብ ያለ መሆን አለበት» አለች። «መጠጣት እኮ አያውቁም፤ አፋቸውን አንድ በአንድ ይዘህ...»

ነግራው ሳትጨርስ ወንድሟ የደንብ ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ። እጅጌውን ሰበሰበ። ሣህን ውስጥ ያለውን ውኃ በክንዱ ሞክሮ፣ ተንበረከከና አንዱን ጫጩት አንሥቶ፣ አፉን ብቻ ነከር አድርጎ መለሰው፤ ጫጩቱ አንገቱን ቀና አድርጎ ዋጠ። ሁለተኛውን አነሣ። አያያዙ፣ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ፣ ትንፋሹን የሚሰጥበት ሁኔታ ሳይቀር የእሷው ነው። ይህንን ያደርግ የነበረው ከመሶብ የማይበልጥ ልጅ ሳለ ነው። ረስቶታል ብላ ስንት ዘመን ስታዝን ኖራለች!

ባሏ ከጀርባዋ መጥቶ ቆመ። ትከሻዋን ያዘ።

ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ የጮኸው በዚህ ጊዜ ነው። ሹሙ በግራ እጁ ጫጩት እንደያዘ ተነሥቶ ማዳመጫውን አነሣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነበር፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ በሩ ላይ ላሉት ሁሉ ይሰማል።

«ምንድን ነው ያ ጫጫታ?»

«ለይቶ ማቆያው ነው፣ ጌታዬ» አለ ሹሙ ቀጥ ብሎ።

«እዚያ ለይቶ ማቆያ አለን እንዴ?»

«ከዛሬ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ አለን። ስድስት መቶ ጫጩት ሠላሳ ቀን ይቆይበታል፤ መዝገቡን ነገ ተቆጣጣሪው ያየዋል።»

ከወዲያ በኩል ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማል። «ተንከባካቢ ይመደብ ይላል ደንቡ። ማን ተመደበ?»

«እኔው ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አንተ? ሰውዬ፣ አንተ የጉምሩክ ሹም ነህ! ጫጩት ማሳደግ የት ታውቃለህ?»

ሹሙ ወደ በሩ ዞሮ እኅቱን አያት።

«ካሳደገችኝ ሰው ተምሬ ነው፣ ጌታዬ» አለ።